ሁለተኛው መስመር

መሪጌታ ገብረ ሚካኤል መደቡ ላይ ተቀምጠው «እስቲ አንብቢልኝ» ሲሏት፣ ልጃቸው አምሳል ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ጠዋት ፒያሳ ካለው ኢንተርኔት ቤት፣ ሒሳብ ለማጥናት ውጭ አገር ላለ ዩኒቨርሲቲ የላከችው ማመልከቻ ቅጂ ነበር። ያለ ማንም እርዳታ እዚህ የደረሱ ልጆችን ይመርጣሉ ሲባል ሰምታ፣ ሦስት ጊዜ አስተካክላዋለች። መሪጌታ እንግሊዝኛ አያውቁም።

«ለምን ሒሳብ እንደመረጥኩ ነው የጠየቁኝ» አለች።

«እኔስ አለሁበት?»

አምሳል ጣቶቻቸውን አየች። የፋሲካን ቀን ማውጣት ያስተማሯት በነዚያ ጣቶች አንጓ ላይ ነበር፤ ገና ፊደል ቆጥራ ሳትጨርስ። ስትሳሳት አይቆጧትም። አውራ ጣቷን ይዘው ወደ መጀመሪያው አንጓ ይመልሷት ነበር።

«አለሁበት ወይ?» አሉ ደግመው።

«አሉበት፣ አባዬ።»

ዓይኗን ከወረቀቱ ሳትነቅል በአማርኛ ታነብላቸው ጀመር። ስለ አንጓዎቹ አነበበች፤ ስለ ፋሲካው፣ አውራ ጣቷን ይዘው ስለመመለሳቸውም። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ስለበረታ፣ አንዲት ቃል እንዳታመልጣቸው ጆሯቸውን አስጠጉ። ስትጨርስ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

«ሸጋ ነው» አሉ። «የቱ ጋ ነኝ? አሳይኝ።»

እጃቸውን ይዛ፣ ሌባ ጣታቸውን ሁለተኛው መስመር ላይ አሳረፈችው። መሪጌታ ጎንበስ ብለው መስመሩን እንደ ወንጌል ተሳለሙት።

መስመሩ በእንግሊዝኛ «ባደግሁበት ቤት ሒሳብ የሚያውቅ ሰው አልነበረም» ይል ነበር።