ሳይጠይቅ የታደሰው

ወይንእሸት ቢቸና በሚገኘው ስቱዲዮዋ ኮምፒውተሩን ስትከፍት የድምፅ መቅረጫው ፕሮግራም ራሱን አድሶ ጠበቃት። እሷ የጫነችው ዲ በሚባለው፣ ሰፊ ቦታ ባለው የኮምፒውተሩ ማከማቻ ላይ ነበር። እድሳቱ ግን ሳይጠይቃት ሄዶ ሲ ላይ ተጭኗል፤ ዲ ላይ የነበረውን ፎልደርም ጠራርጎ አጥፍቶታል። የየኔታ ገብረ ኪዳንን ዜማ ያስቀመጠችው እዚያ ፎልደር ውስጥ ነበር።

በስሙ ፈለገችው፤ የለም። የተሰረዙ ፋይሎች ያሉበትን ከፈተች፤ ባዶ ነው። ቅጂውን ለደቀ መዛሙርታቸው ሊወስዱ ከሞጣ የመጡት የኔታ ከኋላዋ ተቀምጠዋል። ነገ ጉሮሯቸውን ኦፕራሲዮን ይሆናሉ፤ ሐኪሙ ድምፃቸው ላይመለስ እንደሚችል ነግሯቸዋል።

"ምነው ዝም አልሽ ልጄ?"

"የኔታ... ጠፍቷል። ፕሮግራሙ ሲታደስ አብሮ አጠፋው።" ዞራ ልታያቸው ፈራች።

የኔታ ወንበራቸውን ወደ ማይክሮፎኑ ጎተቱ። "ነገ ነው እንጂ ዛሬማ ድምፄ አለ። በይ ክፈቺው።"

መቅረጽ ጀመረች። ዜማውን ሳያጋምሱት ድምፃቸው ተሰነጠቀ። ልታቆመው እጇን ስትዘረጋ የኔታ እጇን ያዝ አደረጉና በዚያው በተሰነጠቀው ድምፅ ቀጠሉ።