አሥራ ሁለተኛን የጨረሰው ልጅ

«ይቺ ሴትዮ ትምህርት የሚባል ነገር ታውቃለች? ንገሪያት እንጂ!» ብሎ አባትየው ጮኸብኝ።

ልጁን ይዞ ከአዲስ አበባ ከመጣ ሳምንት አልሞላውም፤ እኔ ደግሞ ኦስሎ ያለው ትምህርት ቤት የጠራኝ አስተርጓሚ ነኝ። እንዲህ ዓይነቱን ሰው አውቀዋለሁ፤ ገና ጃኬቱን ሳያወልቅ የሰው አገር ሊያርም ይነሳል።

ርዕሰ መምህሯ ልጁን በዕድሜው አሥረኛ ክፍል መድባዋለች።

«አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ የመጣ ልጅ ነው! የእነሱ ልጆች በጣታቸው እየቆጠሩ የሚደምሩ ደነዞች ናቸው፤ ከእነሱ ጋር ነው የምታስቀምጠው?»

ስድቡን ትቼ የቀረውን ተረጎምኩ። ሴትዮዋ በአድናቆት ከወንበሯ ብድግ አለች። «በአሥራ ስድስት ዓመቱ ጨረሰ? ታዲያ ትምህርት የጀመረው በስንት ዓመቱ ነው?»

ጥያቄዋን ስነግረው ሰውዬው ወደ ልጁ ዞረ። ልጁ ጠዋት ሲላጭ የቆረጠውን አገጩን በእጁ ሸፈነ።

«እህቴ፣ በእናትሽ ይሄን እንዳትተረጉሚ» አለኝ በሹክሹክታ። «አሥራ ስምንት ካለፈው ቪዛ አይሰጡትም ብለውን ከዕድሜው ሦስት ዓመት ቀንሰንለት ነው። አሥረኛ ይበቃዋል በያት። ዘጠነኛም ቢሆን ቅር አይለንም።»