በጸሎት የተከፈተ ስብሰባ

«እንጸልይ» አሉ ወንድም መኩሪያ፤ ስድስታችንም አንገታችንን ደፋን። የቦርዳችን ሰብሳቢ ናቸው፤ ሲጸልዩ ደግሞ አይቸኩሉም። ለአገር ጸለዩ፣ ለዝናቡ ጸለዩ፣ መካኒሳ አቦ ያለችውን ይህችን ጠባብ ቢሯችንን ባረኩ። እኔ አፌ አሜን እያለ፣ ሆዴ የስብሰባውን አጀንዳ ይደጋግማል፤ ተራ ቁጥር ሁለት፣ የሀና ማርያም ገበሬዎች ጥናት ይታተም ወይስ አይታተም።

«ስለ እህታችን ስለ ያኤልም እናመሰግንሃለን» አሉ፤ ድምፃቸው ለሰለሰ። «ይህን የፖሊሲ ጥናት ተቋም ስድስት ዓመት ስትመራ ረድተሃታል። አሁን በከፈትክላት አዲስ በር ፊት ፊቷ ሂድ። ኃላፊነቱን ለሚረከበው ለወንድማችን ለሚሳኤልም ጥበብን ጨምርለት።»

የምን አዲስ በር? የነገረኝ ሰው የለም።

«አሜን!» አለ ሚሳኤል። ምክትሌ ነው፤ አጠገቤ ተቀምጧል። ከሁሉም ቀድሞ ነው ያለው።

ደሜ ፈላ። በኛ ቤት ሰው ፊት ለፊት መናገር የከበደውን ነገር ለጌታ ይነግረዋል፤ ባለጉዳዩም እዚያው ሆኖ ይሰማል። ጸሎት ደግሞ አይቋረጥም። ነገሩማ ከወር በፊት ጀምሮ ሸቶኝ ነበር። ወንድም መኩሪያ ስልኬን ማንሳት ትተዋል። ሚሳኤል የጥናቱን ረቂቅ «ላንብበው» ብሎ እንደወሰደው ቀረ። የሰብሳቢያችን የእህት ልጅ ጥናታችን የሚመለከተው ቤት አልሚ ኩባንያ ውስጥ ይሠራል ሲባልም ሰምቻለሁ፤ እውነት ይሁን ሐሜት አላውቅም። እናቴ ግን «ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» እያለች ነው ያሳደገችኝ።

ጥናቱ የሚለው አጭር ነው። ኩባንያው የሀና ማርያም ገበሬዎችን የስምምነት ወረቀት እያስፈረመ ነው፤ መሬቱን ልቀቁልን፣ ከሚሠራው ቤት ድርሻ ይኖራችኋል ይላል። ከሦስት ዓመት በፊት ሌላ ሰፈር ተመሳሳይ ወረቀት የፈረሙትን ሰዎች ቤት ለቤት እየዞርን ጠየቅናቸው። ድርሻ የደረሰው አንድም ሰው አላገኘንም። ተቋሙን ስናቋቁም ዓላማ ብለን የጻፍነው «ጥናት ለሚነካው ሰው ይድረስ» የሚል ነበር። እኔ ከወጣሁ ሚሳኤል ይህን ጥናት መሳቢያ ውስጥ ይቀብረዋል።

«እህት ያኤል ጸሎቱን ትዝጋልን» አሉ ወንድም መኩሪያ። መሸኛ መሆኑ ነው።

ዘጋሁላቸው።

«ጌታ ሆይ» አልኩ ጮክ ብዬ፣ «አንተ ሁሉን ታውቃለህ። ያንን ወረቀት የፈረሙ ሰዎች መሬታቸውንም ድርሻቸውንም እንዳጡ ታውቃለህ። አምስተኛው አንቀጽ ኩባንያው ባሻው ጊዜ ድርሻቸውን እንዲሰርዝ እንደሚፈቅድ ታውቃለህ።»

«አሜን» አሉ ወንድም መኩሪያ። በቃሽ ማለታቸው ነው።

«ጥናቱ እንዳይታተም የሚፈልግ ካለም ታውቀዋለህ። ስሙንም፣ የዘመዱንም ስም ታውቃለህ!»

«አሜን! አሜን!»

የሚባለውን ሁሉ ብዬ ጨረስኩ። ቀና ስል ልቤን ቅልል ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም፣ ደስ ብሎኛል። ወንድም መኩሪያ መነጽራቸውን ይጠርጋሉ። ሚሳኤል ስልኩ ላይ አቀርቅሯል።

ከጠረጴዛው ጫፍ ኦቦ ኮርሳ እጃቸውን አነሱ። ገበሬውን ወክለው ቦርዱ ውስጥ የገቡ፣ ሀና ማርያም ተወልደው እዚያው ጤፍና ሽንብራ እያመረቱ ያረጁ ሰው ናቸው። ስብሰባ ላይ ብዙም አይናገሩም።

«ያኤል፣ ልጄ፣ አሁን ለእግዜር የነገርሽው እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ ኦቦ ኮርሳ። አንድ በአንድ ያረጋገጥነው ነው።»

«መቼ ነው ያወቃችሁት?»

«ጥር ላይ ጨረስን። ግን ቦርዱ ሳያጸድቀው ለሰው መናገር አልችልም። ደንቡ አይፈቅድልኝም።»

«ጥር» አሉ ቀስ ብለው። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «መጋቢት ላይ ቢሮሽ መጥቼ ጥናቱ ምን ይላል ብዬ ጠየቅሁሽ። ይደርሳል፣ ትንሽ ይታገሱ አልሽኝ።»

ትዝ አለኝ። ሻይ አስመጥቼላቸው ነበር። ሲወጡም እስከ በሩ ድረስ ሸኝቻቸዋለሁ።

«እንግዲህ ክፉ ነገር ቢኖረው ያኤል ትነግረኝ ነበር አልኩ። በማግስቱ ከነልጆቼ ፈረምን።»

ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ገበያነሽ እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ ላይ አንስታ ወደ እኔ ዞረች።

«እህት ያኤል» አለች፣ «ይሄ ይጻፍ?»