ወላጅ አምጣ

የአሥረኛ ክፍል የሒሳብ መምህሩ ግራፍ የሚስለውን ካልኩሌተር ከአቤኔዘር እጅ መንጭቆ መሳቢያው ውስጥ ወረወረው።

«እርሳስ በቅጡ ሳትይዝ በማሽን መሣል አማረህ?»

«ታዲያ መቼ ነው የሚፈቀድልን፣ ቲቸር?» አለ ልጁ ዓይኑን ሳይሰብር።

«በእጅህ ስለህ ስለህ ጣትህ ሲላጥ! አሁን ውጣ! ወላጅ ሳታመጣ ክፍሌን እንዳትረግጣት!»

መምህሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲብሰለሰል አደረ። በማግስቱ አቤኔዘር አንድ ሸበቶ ሽማግሌ አስከትሎ ቢሮው ከች አለ።

«ወላጆቹ ክፍለ ሀገር ናቸው። አያቱ ነኝ» አሉ ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው።

መምህሩ ተቀመጡ እንኳ ሳይላቸው የሆዱን ዘረገፈው። ካልኩሌተር አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላልደረሰ ልጅ መርዝ ነው፤ ጭንቅላት ያዶለዱማል። እንዲህ ያለውን ስድ አሳድጎ የላከ ቤተሰብም ሊያፍር ይገባዋል።

«እውነትዎን ነው፣ መምህር! አዋረደን እኮ!» ሽማግሌው ከዘራቸውን አንስተው ወደ ልጁ ተንደረደሩ። መምህሩ ከወንበሩ ዘሎ መሀል ባይገባ ኖሮ አናቱን ባሉት ነበር። ይህን ሲያይ ልቡ ራራና አቤኔዘርን «በል፣ ሂድ ግባ» ብሎ ወደ ክፍል ሰደደው።

በሩ ሲዘጋ ሽማግሌው አልወጡም። ጠጋ ብለው ፊቱን ትክ ብለው አዩት፤ ከዚያ ፈገግ አሉ።

«ረሳኸኝ እንዴ፣ ልጄ? ተማሪ ሳለህ የሎጋሪዝም ሠንጠረዥ ደብቀህ እያየህ ስታሰላ የተያዝክ ጊዜ፣ እዚሁ ቢሮ አባትህ ሆኜ የመጣሁልህ እኔ አይደለሁም?»