ጥርሱ ሳይወጣ አልበሙ ወጣ

«ወጣ! ወጣ እኮ!» እያልኩ በሩን በትከሻዬ ገፍቼ ገባሁ።

የጥርስ ሐኪሟ መርፌዋን እንደያዘች ዞር አለች። «ገና ነው እማማ። መቼ አፉን ከፈተልኝና ነው የሚወጣው?»

«ጥርሱን ማን አለሽ ልጄ! አልበሙን ነው!»

እንደተያዘ ሌባ ወንበሩ ላይ ተኮራምቶ የነበረው የልጄ ባል ዓይኑ ፈጠጠ። «የእነሱ?»

«የእነሱ ነዋ! የማን ሊሆን ኖሯል?»

አማቼ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው። ጀማሪ ሁሉ በየቀኑ ወደ ግንብ ሲነዳው ቅንድቡን የማያነሳ ሰው፣ ነጭ ጋዋን ሲያይ መውጫ በር ይፈልጋል። ጥርሱ ሲጠዘጥዘው ከርሞ፣ ከዚሁ ወንበር ላይ ሁለቴ ተነስቶ ሮጧል። ጉንጩ እንደ ዳቦ ተነፍቶ ሲያድር ነው ልጄ «እማዬ፣ አንቺ ውሰጂው፤ አማቱ ፊት አይሮጥም» ያለችኝ።

እነሱ የምንላቸው «የጎረቤት ጩኸት» የሚባለውን የሮክ ባንድ ነው። አሳታሚ የላቸውም፤ ጓሮ ቤት ውስጥ ራሳቸው ቀርጸው ራሳቸው ያወጣሉ። ልጄ «ድስት ደርድረው የሚያለቅሱ» ትላቸዋለች። እኔ ያወቅኳቸው በአማቼ መኪና ነው። ከኋላ ተቀምጬ እንዳልቆጣው ሊዘጋው እጁን ሲሰድ፣ «ተወው እስቲ። ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚጮኸው? ከመጀመሪያው መልሰው» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሽንኩርት ልንገዛ እንወጣና ከተማውን ዞረን እንመለሳለን።

ኋላ ዘፋኙ ጉሮሮውን ታመመና ባንዱ ጭጭ አለ። ዓመታት አለፉ። ሰው ሁሉ ተበተኑ ሲል እኔና አማቼ ግን ተማማልን፤ ድንገት ካወጡ አንዳችን ያለ አንዳችን አንሰማም።

«ማስታወቂያ የለ፣ ወሬ የለ፤ ዝም ብለው ዱብ!» አልኩና የአድናቂዎቹን ግሩፕ ከስልኬ ላይ አነበብኩለት። «ፀጉር አስተካካዩ ‹መላጫዬን አስቀምጫለሁ፤ ደንበኛዬ ግማሽ ጭንቅላቱን ተላጭቶ አብሮኝ ይሰማል› ይላል። የአውቶቡስ ሹፌሯ ፌርማታ አልፋ ተሳፋሪ ተንጫጭቶባታል። ያ ነገረኛ አናጢ ደግሞ ‹ጊታሩ የት ገባ? ፒያኖ ምን ሊሠራ መጣ? ጉድ ሠሩን› እያለ ነው።»

«ፒያኖ?» አማቼ ቀና አለ። «እርስዎ ሰሙት እንዴ?»

«ልጄን! ጠብታ አልሰማሁም።»

«እማማ፣» አለች ሐኪሟ፣ «እባክዎ ውጭ ይጠብቁ። ሰው እያከምኩ ነው።»

«ግድ የለም ዶክተር፣ እኛ መኪና ውስጥ እንሰማዋለን» አለና አማቼ አንድ እግሩን ከወንበሩ አወረደ።

ያኔ ነቃሁ። ለካ ማምለጫ በሩን የከፈትኩለት እኔው ነኝ! ልቤ ግን አማቼ ወዳለው ያደላ ነበር፤ አብረን ሮጠን ወጥተን፣ የመኪናውን በር ዘግተን፣ ድምፁን ለቀቅ አድርገን... ጉንጩን አየሁት። ከጠዋቱ ይልቅ አብጧል።

«ተመለስ!» አልኩት። «እዚሁ ነው የምንሰማው። እኔ ጆሮዬን ከፍቼ፣ አንተ አፍህን ከፍተህ። አፍህን የዘጋህ እንደሆነ ዘፈኑን እዘጋዋለሁ።»

«እንዴ፣ እማማ!»

«ምርጫው ያንተ ነው።»

ሐኪሟ እኔን አየች፣ እሱን አየች። «ድምፁን ቀነስ ያድርጉት» አለችኝና መብራቱን ወደ አፉ ሳበችው።

የመጀመሪያው ዘፈን በከበሮ ጀመረ። መርፌው ሲጠጋው አማቼ ጥርሱን ገጠመ፤ እኔም ዘፈኑን ዘጋሁት። ክፍሉ ጸጥ አለ። በዓይኑ ለመነኝ። ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። ቀስ ብሎ አፉን ሲከፍት ከበሮውን መለስኩለት፤ መርፌውም ገባ።

ማደንዘዣው እስኪሠራ ሁለተኛው ተከተለ። ይሄኔ ፒያኖው መጣ።

«ፊያኖው ያምላል» አለ አማቼ፣ ከንፈሩ አልታዘዝ ብሎት ምራቁ አገጩ ላይ እየወረደ።

«የቱ ነው የሚያምረው! አናጢው እውነቱን ነው» አልኩት። «ሰርግ ቤት አስመሰሉት።»

«እልስዎ ሁሌም መጀመሊያ ይላገማሉ!»

ሐኪሟ ሳቋን ከጭምብሏ ሥር ዋጠችና ጉጠቷን አነሳች። «በሉ አሁን ክርክሩ ይቁም።»

ሦስተኛው ላይ ከበሮም ጊታርም የለም። ፒያኖው ብቻ ነው፤ ከዚያ ዘፋኙ መጣ። ያ ቆርቆሮ የሚቀደድ ይመስል የነበረ ድምፅ የለም። ዝቅ ብሏል፣ ሻክሯል፤ ከጎኑ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃበት የሚያወራ ሰው ነው የሚመስለው። ግን ይዘፍናል። አይዘፍንም ያሉት ሰው ይዘፍናል። ልተርበው ያሰብኩትን ትቼ ድምፁን ትንሽ ጨመርኩት።

አማቼ ዓይኑን ጨፍኗል። እንባው በጆሮው በኩል ይወርዳል።

«አመመዎት?» አለች ሐኪሟ። ራሱን ወዘወዘ። አፉን ይባስ ከፈተው።

እኔ አላየሁም፤ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ በሻሼ ጫፍ አፍንጫዬን እየጠረግኩ ነበር። መለስ ስል ጥርሱ ጉጠቷ ላይ ነው፣ ከነሥሩ፣ ሙሉውን። በሌላው እጇ ጥጡን ድዱ ላይ ተጭናለች። እሱ አላወቀም። ልነግረው ስል ሐኪሟ ጭንቅላቷን ነቅንቃ ከለከለችኝ፤ ዘፈኑ ገና አላለቀም። ጥርሱን እንደ ሻማ ከፍ አድርጋ ይዛ፣ በጫማዋ ጫፍ ወለሉን ቀስ፣ ቀስ እያደረገች ትመታለች።