ሁለተኛው ሲዲ

«ግርማ ሌሊት» የተባለው የሄቪ ሜታል ባንድ «ያልተለቀሰ» የሚል ባለ ሁለት ሲዲ አልበም ያወጣው በ2003 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። አንድ የኤፍ ኤም ጋዜጠኛ ግማሽ ዘፈን ካጫወተ በኋላ «አድማጮቻችን፣ ማሽናችን አልተበላሸም» ብሎ አሳቀ። ካዛንቺስ ሙዚቃ ቤት ያለው ኪዱ ግን ወዶት ቀኑን ሙሉ በትልቁ ስፒከር ይለቀው ጀመር።

ቂርቆስ ሰፈር አልሳቀም። ዘፋኙ አይዘፍንም፣ ከሆዱ ያጓራል። «ይሄማ ጠበል ሲረጩበት የሚጮኸው ጋኔን ነው» አሉ ጠበል የሚመላለሱ ሴቶች። ሽፋኑ ላይ የጊታሪስቱ የሃይለአብ ስም አለ፣ የጓደኞቹም አለ። የዘፋኙ ብቻ የለም።

ነገሩን የሙጥኝ ያሉት የዕድሩ ዳኛ አቶ ተከስተ ናቸው። ምክንያትም ነበራቸው። አንድ ልጃቸው ካሳይ ከሃይለአብ ጋር ጊታር ሲነካካ ነው ያደገው፤ ከዓመታት በፊት ከልምምድ ሲመለስ ወሎ ሰፈር መኪና ገጭቶ ገደለው። ሹፌሩን ይቅር ብለውታል። ሃይለአብን ግን አላሉትም፣ ሊሉትም አልቻሉም።

በቀብሩ ቀን እንኳ ደንብ አላፈረሱም። ሙሾና ጩኸት የሚከለክለውን የዕድሩን ደንብ ያስወሰኑት ራሳቸው ስለሆኑ፣ በልጃቸው ቀብር ላይም አስከበሩት። ባለቤታቸው መብርሂት አፏን በነጠላዋ ይዛ ቆመች። ለቀስተኛው ሁሉ «የጨዋ ቤት!» እያለ አደነቀ።

«ነገ ይሄን ዘፋኝ ዕድሩ ፊት አወጣዋለሁ» አሉ አቶ ተከስተ ቁርስ ላይ።

መብርሂት ዝንጅብል በማር እየጠጣች ነበር። ከክረምቱ ጀምሮ ድምፅዋ ተዘግቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠበል ትሄዳለች፤ ከጠበል በመጣች ቁጥር ደግሞ ይብስባታል። ውሃው ቀዝቃዛ ነው ይላሉ አቶ ተከስተ።

«ሀብትነሽ እኮ ታማለች» አለች በሹክሹክታ። ሀብትነሽ የሃይለአብ እናት ናት፤ ኩላሊቷ ከደከመ ሰንብቷል።

«ታዲያ ልጇን ትምከራ!»

«ተወው በቃ፣ ተከስተ።»

«አልተውም!»

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ የዕድሩ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ጎረቤት ያለው ወፍጮ ስለሚያጓራ ለመደማመጥ መጮኽ ነበረባቸው። ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላው ተቀመጡ፤ መብርሂት ከሀብትነሽ አጠገብ ሆነች። ኪዱ ቴፑን ተሸክሞ መጥቶ፣ ገመድ ዘርግቶ አንደኛውን ሲዲ ከፈተው። ሴቶቹ አማተቡ። አንዲት አሮጊት ልውጣ ቢሉ በግድ አስቀመጧቸው።

«አጥፋው» አሉ አቶ ተከስተ። «ሃይለአብ፣ ይሄ የማን ድምፅ ነው?»

«አልናገርም ጋሼ። ማለቴ... ቃል ገብቻለሁ።»

ያኔ አንድ ሐሳብ መጣባቸው። ካሳይ ከመሞቱ በፊት የተቀዳ ቢሆንስ? የሟች ልጃቸውን ድምፅ እየሸጡ ቢሆንስ?

«የልጄ ድምፅ ነው?»

«አይደለም ጋሼ» አለ ሃይለአብ አቀርቅሮ። «ካሳይ እንዲህ አይችልም ነበር።»

አላመኑትም። ብድግ ብለው እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ።

«ሁላችሁም ስሙኝ! ይሄ ድምፅ የወጣበት ቤት ከዚህ ዕድር ይሰረዛል። የእኔም ቤት ቢሆን! በቂርቆስ እምላለሁ! አንተ ካልተናገርክ ደግሞ፣ ያንተ ቤት ነው ብለን እንወስናለን።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ይሄ ማለት ሀብትነሽ ነገ ብትሞት ድንኳን የሚተክልላት፣ ሬሳዋን የሚሸከምላት የለም ማለት ነው። እዚያው ተቀምጣ እየሰማች ነበር። አልቅሳ ይቅርታ አልጠየቀችም፤ ልጇንም ተናገር አላለችውም።

«እሺ» አለ ሃይለአብ። «ብቻ እናቴን ከመሰረዛችሁ በፊት ሁለተኛውን ሲዲ ስሙት። ሁሉም ሰው አንደኛው ላይ ነው የሚያቆመው።»

«አንደኛውን የሰማ ሰው ሁለተኛውን ምን ሊያደርገው!» አሉ አቶ ተከስተ። ሰው ሳቀ። ቢሆንም ዳኛ ናቸውና፣ በኋላ አድልተዋል እንዳይባሉ ለኪዱ በእጃቸው ምልክት ሰጡት።

ከበሮ ተሰማ፤ ቀስ ያለ፣ የቀብር ዓይነት። ገና ከመጀመሩ ግን ቀጥ አለ። ኪዱ ጎንበስ ብሎ ገመዱን ይነካካ ጀመር። ወፍጮውም ዝም ስላለ የሀብትነሽ ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማ ነበር።

«በቃ፣ ጊዜ አታባክኑ። ይሰረዝ የምትሉ እጃችሁን አውጡ።»

እጅ ተነሳ። መጀመሪያ ጥቂት፣ ከዚያ እየበዛ ሄደ። አቶ ተከስተ የሀብትነሽን ፊት ማየት ስላልቻሉ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሐዘናቸው የሚያርፍበት አጥቶ ነው። ከኋላቸው በሴቶቹ በኩል አግዳሚ ወንበር ሲጥ አለ።

ከዚያ ያ ድምፅ መጣ። ያው ከሆድ የሚወጣው፣ ያው የሚያጓራው፤ አሁን ግን ቃሉ ይለያል።

«ካሳይ ልጄ! ሳላለቅስልህ የቀበርኩህ!»

አቶ ተከስተ የመስኮቱን ብረት ጨብጠው፣ ሳይዞሩ ጮኹ።

«ኪዱ! አጥፋው! የልጄን ስም ከዚያ ሳጥን አውጣልኝ!»

«መብራት ከሄደ ቆየ እኮ ጋሼ» አለ ኪዱ።