ብዙ ያልሄደች መኪና

ሰውዬው መኪና እስኪመርጥ ወራት ፈጀ። ቤቱ አዳማ፣ ሥራው አዲስ አበባ ስለሆነ፣ በየቀኑ አድርሳ የምትመልሰው ፈጣን መኪና ፈለገ፤ ያውም መንገድ ላይ የማትቆም። ያየውን ሁሉ እያመጣ መካኒኩን ጎንፋን አሰለቸው። በመጨረሻ አንዲት ቀይ፣ ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪና አገኙ።

«ይቺ ትበራለች እንጂ አትቆምብህም» አለው ጎንፋ።

«ልሽጣት ብልስ?»

«ብዙ ካልሄደች ገዢ ይሻማባታል።»

በዓመቱ ለሰርቪስ አመጣት። ጎንፋ ኮፈኑን ከፍቶ ቢያይ ሞተሩ እንደ አዲስ ነው። ገብቶ ኪሎ ሜትሩን አነበበ። የተገዛች ቀን የነበረው ነው።

«ቆጣሪው ተበላሽቷል እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነው።»

«ታዲያ ሥራ በምን ትሄዳለህ?»

«በእሷ ነዋ» አለ ሰውዬው ቅር ብሎት።

ደጅ የቆመ አይሱዙ ጥሩምባውን ነፋ።

«ጋሼ፣ እንጫናት፤ ረፈደብን» አለ ሹፌሩ።

ቀይዋን መኪና በሳንቃ ገፍተው አይሱዙው ላይ አወጧትና በገመድ ጠፈሯት። ሰውዬው ተንጠላጥሎ ወጣ፣ ከመሪዋ ኋላ ተቀመጠ፣ ቀበቶውን አሰረ። አይሱዙው ወደ አስፋልቱ ሊታጠፍ ሲል ከላይ ቀይዋም ፍሬቻ አሳየች።